ፊት ሳያሳዩ ላይቭ መግባት፦ ጎንደር ሆኖ በትንሽ ወጪ የትኛው አቫታር ያዋጣል?

ፊትን ሳያሳዩ በተሳለ ገጸ ባሕርይ (አቫታር) ላይቭ መግባት ጃፓን ውስጥ ከተለመደ ቆየ። «ቨርቹዋል ዩቲዩበር» የሚለውን ስም ያስተዋወቀችው ኪዙና አይ ዩቲዩብ ላይ ብቅ ያለችው በ2016 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው። ያኔ ሥራው ስቱዲዮና ባለሙያ ይጠይቅ ነበር። አሁን ጎንደር ውስጥ ማራኪ በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይቶ የሚኖር ተማሪ በያዘው ላፕቶፕ ሊጀምረው ይችላል። ተረት ለማውራት፣ ጌም እየተጫወቱ ለመቀለድ፣ የ12ኛ ክፍል ሒሳብ ለማስረዳት ይሆናል። ሰፈሩ ሁሉ «አንቺ ነሽ እንዴ ቲክቶክ ላይ ያየሁሽ?» እያለ ሳያስቆማት መናገር ለምትፈልግ ልጅም ይሆናል።

መንገዶቹ አራት ናቸው፦ በጥቂት የተሳሉ ምስሎች (ፒኤንጂ፣ በምስሉ ፋይል ዓይነት ስም)፣ በ3ዲ ገጸ ባሕርይ (ቪሮይድ)፣ በሚንቀሳቀስ 2ዲ ሥዕል (ላይቭ ቱዲ)፣ እና በስልክ ብቻ። ኢንተርኔት ላይ የሚገኙት ንጽጽሮች አብዛኞቹ የሚለኩት በውበት ነው። እዚህ ግን የሚወስኑት ሌሎች ናቸው፦ ዳታ፣ መብራትና ማይክ። በእነዚህ ሲለካ ለአብዛኛው ጀማሪ የሚሻለው ፒኤንጂ ነው። ጥሩ ላፕቶፕና የቀን ብርሃን የሚገባበት ክፍል ያለው ወደ ቪሮይድ ይሂድ። ላይቭ ቱዲ ራሱ መሳል ለሚችል፣ ትዕግሥትም ላለው ሰው ነው። በስልክ ብቻ መጀመር የሚያዋጣው ለመለማመድና አጫጭር ቪዲዮ ለመቅረጽ ነው።

ዳታውን ቀድሞ ማስላት

ላይቭ ስትገቡ ዳታ የሚበላው የምትልኩት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የቪዲዮውንና የድምፁን ኪሎቢት (በሰከንድ የሚላከውን መጠን) ደምራችሁ በ450 ስታባዙ በሰዓት የሚሄደውን ኪሎባይት ታገኛላችሁ። ቪዲዮው 1,000፣ ድምፁ 128 ከሆነ በሰዓት ግማሽ ጊጋባይት ነው። ቪዲዮውን 2,500 ካደረጋችሁት 1.2 ጊጋ ይጠጋል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ ሁለት ሁለት ሰዓት የሚገባ ሰው በአራት ሳምንት 24 ሰዓት ይሞላዋል፤ በመጀመሪያው ልክ 12 ጊጋ፣ በሁለተኛው 28 ጊጋ ይጨርሳል። ጥቅል ስትገዙ ይህን ልዩነት ኪሳችሁ ያውቀዋል።

የአቫታሩ ዓይነት ከዳታ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። የቪዲዮ መጭመቂያ በዋናነት የሚልከው ከአንዱ ምስል ወደ ቀጣዩ የተለወጠውን ነው። የፒኤንጂ አቫታር ሲያወራ የሚለወጠው አፉና ዓይኑ ብቻ ስለሆነ፣ ጀርባው የማይንቀሳቀስ እስከሆነ ድረስ፣ በ720ፒ ጥራት፣ በሰከንድ 30 ምስል (ፍሬም)፣ በ1,000 ኪሎቢት ጥርት ብሎ ይታያል። 3ዲ አቫታር ግን ፀጉሩም ትከሻውም ያለማቋረጥ ስለሚወዛወዝ በዚያው ልክ ፊቱ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆኖ ይበላሻል፤ ቢያንስ ከ1,500 እስከ 2,000 ይፈልጋል። ፈጣን ጌም ከጀርባ ከተጨመረ ደግሞ የአቫታሩ ዓይነት ለውጥ አያመጣም፤ ጌሙ ብቻውን 2,500ና ከዚያ በላይ ይጠይቃል።

ፍጥነት ስትለኩ የማውረጃውን ትታችሁ የመጫኛውን (አፕሎዱን) እዩ፤ የምትለኩትም ላይቭ በምትገቡበት ሰዓት ይሁን። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ የተገኘ ቁጥር ለምሽቱ 2 ሰዓት ዋስትና አይሆንም። ሦስት አራት ምሽት ለክታችሁ ዝቅተኛውን ያዙ፣ ከእሱም 60 በመቶውን ብቻ ተጠቀሙ። ዝቅተኛው 1.8 ሜጋቢት ከሆነ 1,000 ኪሎቢት ላይ ቁሙ ማለት ነው። የጥምቀት ሰሞን እንግዳው ከተማውን ሲሞላው ኔትወርኩም ይጨናነቃል፤ የበዓል ልዩ ዝግጅት ያሰበ ሰው ቀድሞ ይቅረጽ። በክልሉ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የረሳ ስለሌለ፣ ቀድሞ የተቀረጸ ሥራ በእጅ መያዝ በአዘቦቱም ጊዜ አይጎዳም።

ማሰራጫው ፕሮግራም በሦስቱም የላፕቶፕ መንገዶች አንድ ነው፦ ኦቢኤስ ስቱዲዮ፣ ነፃ ነው። መጠኑን 1280 በ720፣ ፍሬሙን 30፣ ኪፍሬሙን (ሙሉ ምስል የሚላክበትን የጊዜ ልዩነት) 2 ሰከንድ አድርጉት። የላፕቶፑ ፕሮሰሰር ኢንቴል ከሆነ ኢንኮደሩን (የቪዲዮ መጭመቂያውን) «ኤክስ 264» ከማለት «ኩዊክ ሲንክ» በሉት፤ ሥራው ወደ ግራፊክሱ ስለሚዞር ፕሮሰሰሩ ይተነፍሳል። «አድቫንስድ» ውስጥ መስመሩ ሲጠብ ኪሎቢቱን በራሱ የሚቀንስ ምርጫ አለ፤ አብሩት። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ የመዘግየት ምርጫውን «ኖርማል» ላይ ተዉት። ዝቅተኛውን የሚመርጡ ጀማሪዎች ከተመልካች ጋር በፍጥነት ለመመላለስ ብለው ነው፤ መስመሩ ለሦስት ሰከንድ በተቆራረጠ ቁጥር ግን ተመልካቹ የሚያየው የሚሽከረከር ክብ ብቻ ይሆናል።

መብራት

ላፕቶፑ ባትሪ አለው፤ ራውተሩ የለውም። ቀላሉ መፍትሔ ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ ዳታውን ማጋራት ነው፤ ከዋይፋይ ሆትስፖት ይልቅ የተረጋጋ ነው፣ ስልኩም ሳይሞት ይቆያል። የቤት ራውተር የምትጠቀሙ ከሆነ ከፓወር ባንክ 5 ቮልት ተቀብሎ 12 ቮልት የሚያወጣ ገመድ ይሸጣል። 20,000 ሚሊአምፒር የተጻፈበት ፓወር ባንክ 74 ዋት ሰዓት ነው፤ በመንገድ የሚባክነው ሲቀነስ 60 ገደማ ይቀራል፣ 10 ዋት ለሚወስድ ራውተር ስድስት ሰዓት ማለት ነው። ገመዱን ከመግዛታችሁ በፊት የራውተሩን ቻርጀር አንብቡ፤ 9 ቮልት የሚሉም አሉና 12 ብትሰኩበት ታቃጥሉታላችሁ።

ፒኤንጂ፦ በአራት ሥዕል መጀመር

ካሜራ የለም። ፕሮግራሙ የሚያዳምጠው ማይኩን ብቻ ነው። ድምፅ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ አፉ የተከፈተውን ሥዕል ያመጣል፣ ዝም ስትሉ የተዘጋውን። በየጥቂት ሰከንዱም ዓይኑ የተጨፈነውን ብልጭ ያደርጋል። ስለዚህ አራት ሥዕል ይበቃል፦ ዓይን ክፍት አፍ ዝግ፣ ዓይን ክፍት አፍ ክፍት፣ ዓይን ጭፍን አፍ ዝግ፣ ዓይን ጭፍን አፍ ክፍት። ለዚህ የሚሆነው ቪያዶቲዩብ ሚኒ የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው፤ ዊንዶውስ፣ ማክና ሊኑክስ ላይ ይሠራል፣ 4 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕም አያማርርበትም። ፀጉርን ወይም የነጠላ ጫፍን ለብቻ ማወዛወዝ የፈለገ ሰው በኋላ ወደ ፒኤንጂቲዩበር ፕላስ ይለፍ፤ እሱም ነፃ ነው፣ ሥዕሉን ግን በንብርብር ከፋፍሎ ማዘጋጀት ይጠይቃል።

ሥዕሉ በወረቀትና በእርሳስ ይሠራል። ብዙ ሰው የሚበላሽበት ቦታ አንድ ነው፦ ፊቱን አራት ጊዜ ይስለዋል። እጅ ምንም ያህል ቢጠነቀቅ የጆሮውና የአገጩ መስመር በአንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ይዛነፋል፤ ላይቭ ላይ ገጸ ባሕርዩ በየቃሉ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ፊቱን ያለ አፍና ያለ ዓይን አንድ ጊዜ ብቻ ሳሉ። ከዚያ ሁለተኛ ነጭ ወረቀት በላዩ ደርባችሁ የመስኮት መስታወት ላይ ለጥፉት፤ የታችኛው መስመር በብርሃኑ ያሳያል። በሁለተኛው ወረቀት ላይ ዓይኖቹንና አፎቹን ብቻ በየቦታቸው ሳሉ። መስመሩን በጥቁር እስክሪብቶ አድምቁ፣ እርሳሱን በላጲስ አጥፉ፣ ሁለቱንም ወረቀቶች ከላይ ቀጥ ብላችሁ ያለ ፍላሽ ፎቶ አንሱ። ስልኩ ካዘነበለ አገጩ ይጠባል።

ቀሪው ስልክ ላይ ያልቃል። አይቢስ ፔይንት የሚባለው የሥዕል መተግበሪያ ፎቶ ስታስገቡ መስመሩን ብቻ ነጥሎ ነጩን ወረቀት እንዲያጠፋ ይጠይቃችኋል፤ እሺ በሉት። ሸራውን 1,000 በ1,000 ፒክስል አድርጉ። ፊቱ አንድ ንብርብር፣ ክፍት ዓይን አንድ፣ ጭፍን ዓይን አንድ፣ ዝግ አፍ አንድ፣ ክፍት አፍ አንድ ይሁን። ቀለሙን ከመስመሩ በታች ባለ ንብርብር ቀቡ። ከዚያ የሚያስፈልገውን እያሳያችሁ ሌላውን እየደበቃችሁ አራቱን ጀርባ አልባ ፒኤንጂ አድርጋችሁ አስቀምጡ። በመካከል ሸራውን ብትቆርጡት አንዱ ምስል ከሌላው መጠኑ ይለያል፣ ገጸ ባሕርዩም ይዘላል።

ወደ ላፕቶፕ በቴሌግራም ስትልኩ «ፋይል» ብላችሁ ላኩ። በፎቶ መልክ ከላካችሁት ቴሌግራም ወደ ጄፔግ ይለውጠዋል፤ ጀርባ የሌለው ሥዕል ጀርባ አብቅሎ ይደርሳል። «ፕሮግራሙ አልሠራ አለኝ» ከሚሉት ብዙዎቹ ጋ ችግሩ ይህ ብቻ ነው።

ስለ አሳሳሉ አንድ ነገር። አቫታሩ ማያ ገጹ ጥግ ላይ 300 ፒክስል ያህል ቁመት ይዞ ነው የሚታየው፤ ተመልካቹም የሚያየው በስልክ ነው። 1,000 ፒክስል ሸራ ላይ 2 ፒክስል የሆነ ቀጭን መስመር እዚያ ይጠፋል፤ ከ6 በታች አትውረዱ። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ የሞሉት የመላእክት ፊቶች ከርቀት የሚለዩት ለምን እንደሆነ ልብ በሉ፦ ወፍራም መስመር፣ ትልቅ ዓይን፣ ድፍን ቀለም፣ ወደ ፊት የዞረ ፊት። አቀራረቡን ውሰዱ እንጂ የመልአክ ወይም የቅዱስ ሥዕል አምጥታችሁ ጌም እየተጫወታችሁ አታስቀልዱት፤ ጎንደር ላይ ይህ ቀልድ አይደለም።

ኦቢኤስ ላይ የፕሮግራሙን መስኮት በ«ጌም ካፕቸር» ጨምራችሁ ግልጽነትን የሚፈቅደውን ሳጥን ምልክት አድርጉ። እምቢ ካለ የፕሮግራሙን ጀርባ በአንድ ቀለም ሞልታችሁ «ክሮማ ኪ» በሚባለው ማጣሪያ አጥፉት። ነባሪው ቀለም አረንጓዴ ነው፤ ገጸ ባሕርያችሁ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ጥለት ያለው ልብስ ከለበሰ ጥለቱ አብሮ ይጠፋና ልብሱ ይበሳል። እንዲህ ሲሆን ጀርባውን ደማቅ ሮዝ አድርጉት።

ከአቫታሩ በፊት ማይኩ

ለፒኤንጂ ማይክ ድምፅ ብቻ ሳይሆን ፊትም ነው። ለመጀመር የስልክ ኤርፎን ይበቃል። ትንሽ ብር ካለ ደረት ላይ የሚሰካ ባለ ገመድ ማይክ ይሻላል፤ ብዙ ሰው የሚይዘው ቦያ ቢዋይ ኤም 1 ስድስት ሜትር ገመድ አለው። ሁለት ነገር ያሳስታል። አንደኛ፣ ማይኩ ላይ ያለው ማብሪያ ስልክና ካሜራ የሚል ምርጫ አለው፤ ለስልክና ባለ አንድ ቀዳዳ ላፕቶፕ ስልክ የሚለው ላይ ይሁን። ሁለተኛ፣ ላፕቶፑ ማይክና ማዳመጫን ለየብቻ በሁለት ቀዳዳ የሚቀበል ከሆነ ማከፋፈያ ገመድ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ላፕቶፑ የራሱን ማይክ እየተጠቀመ «ግዢዬ ተበላሸ» ትላላችሁ።

ከሐምሌ እስከ ነሐሴ ሌላ ጉድ አለ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ገጸ ባሕርዩ ዝም ብላችሁም አፉን ይከፍታል። ሰው ኦቢኤስ ውስጥ የድምፅ ማጣሪያ ይጨምራል፤ ተመልካቹ ዝናቡን መስማት ያቆማል፣ አፉ ግን አይዘጋም። ምክንያቱ ቪያዶቲዩብ ማይኩን በቀጥታ ስለሚያዳምጥና የኦቢኤስ ማጣሪያ ስለማይደርሰው ነው። መጀመሪያ የፕሮግራሙን የድምፅ መነሻ ከፍ አድርጉት፦ ዝም ብላችሁ ዝናቡ ብቻ ሲሰማ መለኪያው የሚደርስበትን አይታችሁ መነሻውን ከዚያ ጥቂት በላይ አቁሙ፤ ማይኩን ከአፋችሁ አንድ ስንዝር አቅርቡት። ካልበቃ ቪቢ ኬብል የሚባለውን ነፃ ምናባዊ የድምፅ ገመድ ጫኑ። ኦቢኤስ ውስጥ ድምፅ መከታተያውን (ሞኒተሪንግ) «ኬብል ኢንፑት» አድርጉ፣ ለማይኩም መከታተያውን አብሩ፤ ቪያዶቲዩብ ውስጥ ደግሞ ማይኩን «ኬብል አውትፑት» በሉት። አሁን ገጸ ባሕርዩ የሚሰማው የተጣራውን ድምፅ ነው። ግድግዳው ባዶ ለሆነ ክፍል ከማይኩ ፊት ለፊት ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ስቀሉ፤ ከብዙ ማጣሪያ ይሻላል።

ቪሮይድ፦ ነፃ 3ዲ፣ ግን ላፕቶፕና ብርሃን ይፈልጋል

ቪሮይድ ስቱዲዮ የጃፓኑ ፒክሲቭ የሠራው ነፃ ፕሮግራም ነው። ሞዴል ከዜሮ መቅረጽ ሳያስፈልግ ፊት፣ ፀጉር፣ ልብስ በማንሸራተቻ እየለወጣችሁ 3ዲ ሰው ትሠራላችሁ። ውጤቱን የምታንቀሳቅሱት ፊታችሁን በካሜራ በሚከታተለው በቪሲፌስ ነው፤ ይህም ነፃ ነው፣ የሚሠራው ግን ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው። ሁለቱን ስታገናኙ ቪሮይድ ፋይሉን ሲያወጣ በቪአርኤም (የ3ዲ ገጸ ባሕርይ የፋይል ዓይነት ነው) «ቪአርኤም 0.0» ወይስ «1.0» ብሎ ይጠይቃችኋል። 0.0 በሉት፤ ቪሲፌስ 1.0ን አያነብም።

ቪሮይድ ሲከፈት የሚሰጣችሁ ፊት የጃፓን አኒሜ ፊት ነው። የቆዳውን ቀለም ብቻ ማጥቆር አይበቃም፤ የጥላውንም ቀለም ካልለወጣችሁ አገጭና አንገት ስር ያለው ጥላ ሮዝ ወይም ግራጫ ሆኖ ይቀራል፣ ፊቱም የታመመ ይመስላል። ለጥላው የቆዳውኑ ቀለም ጠቆር ያለ ቡናማ ስጡት። ለሐበሻ ቀሚስ ረጅም ቀሚስ የሚለውን አብነት መርጣችሁ የጨርቁን ምስል ወደ ፒኤንጂ አውጡ፣ በክሪታ (የላፕቶፕ የሥዕል ፕሮግራም) ወይም በአይቢስ ጥበቡን ጠርዙ ላይ ሳሉ፣ መልሳችሁ አስገቡ። የጥለቱ መጋጠሚያ ጎን ላይ ስለሚወድቅ ግራና ቀኝ ጫፉ እኩል መጀመርና ማለቅ አለበት። ሹሩባ ግን ያስለፋል፤ እያንዳንዱን ጉንጉን ለብቻ መሥራት ላፕቶፑንም ያከብደዋል። በራስ ቅል ላይ በሥዕል የተሳለ ሹሩባና ከኋላ የሚወርድ ጥቂት ጉንጉን ይበቃል። ስታወጡ የማይታየውን የሰውነት ክፍል አስወግዱ፣ የፀጉሩን ፖሊጎን (3ዲ ቅርጹ የተገጣጠመባቸውን ጥቃቅን ገጾች) ቀንሱ፣ ማቴሪያሎቹን (የላይ ሽፋኖቹን) አዋህዱ፤ ካላደረጋችሁት ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ይንፏቀቃል።

ለዚህ መንገድ ቢያንስ ኮር አይ 5ና 8 ጊጋ ራም ያዙ። ቪሲፌስን ከዚፑ ሳትፈቱ አታስነሱት፤ የፎልደሩንም ስም ለጥንቃቄ በላቲን ፊደል ጻፉት። ሲከፈት ካሜራ፣ መጠን፣ ፍሬምና የክትትል ጥራት ያስመርጣችኋል፤ ከዝቅተኛው ጀምሩ፣ ፊቱ በቂ ከሆነ እዚያው ተዉት። መብራት ጠፍቶ ላፕቶፑ በባትሪ ሲሠራ ፕሮሰሰሩ ራሱን ስለሚያዘገይ አቫታሩ መንተባተብ ይጀምራል። ስለዚህ የፒኤንጂ ሥዕላችሁን ኦቢኤስ ውስጥ በሌላ «ሲን» (የማያ ገጽ አቀማመጥ) አዘጋጅታችሁ አስቀምጡ፤ መብራት ሲሄድ በአንድ ቁልፍ ወደ እሱ ትቀይራላችሁ።

ካሜራው ውድ መሆን የለበትም፤ ብርሃኑ ነው ዋናው። ክፍሉ ሲጨልም ካሜራው እያንዳንዱን ምስል ለረጅም ጊዜ ስለሚያነሳ 30 የነበረው ፍሬም ወደ 15 ይወርዳል፣ ዓይን መጨፈናችሁን ያመልጠዋል። ቀን መስኮቱን ፊት ለፊት አድርጋችሁ ተቀመጡ፣ ማታ አምፖሉን ከማያ ገጹ ጀርባ አድርጉ። ምስሉ ላይ የሚንሸራተት ጥቁር መስመር ካያችሁ የካሜራው ቅንብር 60 ኸርዝ ላይ ነው ማለት ነው፤ የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ስለሆነ 50 አድርጉት። ቅንድብን የሚሸፍን ሻሽ ወይም ነጠላም ክትትሉን ያምታታል፤ ካሜራው እናንተን ብቻ ስለሚያይ ገለጥ ማድረግ ነው። የላፕቶፑ ካሜራ ከተበላሸ አንድሮይድ ስልክን ኢሪዩን ወይም ድሮይድካም በሚባል መተግበሪያ ካሜራ ማድረግ ይቻላል።

ከንፈሩ ከአማርኛው ጋር ሙሉ በሙሉ ይገጥማል ብላችሁ አትጠብቁ። ቪአርኤም የተዘጋጀው በጃፓንኛ አምስት አናባቢዎች፣ በኣ፣ ኢ፣ ኡ፣ ኤ፣ ኦ ነው። የእኛ ግዕዝና ሳድስ የራሳቸው ቅርጽ የላቸውምና ወደ ቅርባቸው ይጠጋሉ። ተመልካች አያስተውለውም፤ የሚያስተውለው ከንፈሩ ከድምፁ ሲዘገይ ነው። ክትትሉ ጥቂት ስለሚዘገይ ድምፅ ቀድሞ ይደርሳል። ኦቢኤስ ውስጥ ለማይኩ የማመሳሰያ ጊዜ ከ100 እስከ 200 ሚሊሰከንድ ጨምሩለት፤ አንድ ጊዜ አጨብጭባችሁ ሳይሆን «ባ፣ ባ፣ ባ» እያላችሁ ቅረጹና አስተያዩ።

ላይቭ ቱዲ፦ ከሁሉም ያማረው፣ ለጀማሪ ግን አይደለም

በየመድረኩ የምታዩዋቸው፣ ፀጉራቸው የሚዘናፈል፣ ፈገግታቸው የሚለዋወጥ ባለ ሥዕል ገጸ ባሕርያት በአብዛኛው ላይቭ ቱዲ ናቸው። ሥዕሉንና እንቅስቃሴውን ለባለሙያ ማዘዝ ከመቶዎች እስከ ሺዎች ዶላር ይጠይቃል፤ በዶላር የሚከፍል ካርድ የሌለው ሰው ይህን በር ገና ከመነሻው ይዝጋው። ራስ መሥራት ግን በነፃ ይቻላል። ላይቭ ቱዲ የሚሠራበት ፕሮግራም ኪዩቢዝም ይባላል፤ ነፃው ዕትም 30 ፓራሜትር (የእንቅስቃሴ ማንሸራተቻ) እና 100 አርትሜሽ (ለብቻው የሚንቀሳቀስ የሥዕል ቁራጭ)፣ እንዲሁም አንድ 2,048 ፒክስል የምስል ገጽ ይፈቅዳል። ጭንቅላት በሦስት አቅጣጫ፣ ሁለት ዓይን፣ የዓይን ብሌን በሁለት፣ ቅንድብ፣ አፍ በሁለት፣ ሰውነት በሦስት፣ ትንፋሽና ፀጉር ቢደመር 20 አይሞላም፤ ስለዚህ ገደቡ ለመጀመሪያ ሥራ ይበቃል። የሚከብደው ሥዕሉ ነው፦ የዓይን ነጩ፣ ብሌኑ፣ ሽፋሽፍቱ፣ የላይና የታች ከንፈሩ፣ የፊትና የኋላ ፀጉሩ ሁሉ ለየብቻ ይሳላል፤ ፀጉር ሲወዛወዝ ከስሩ ባዶ እንዳይታይ የተሸፈነውም ግንባር ይሳላል። የ42 ቀን የፕሮ (የሚከፈልበት ዕትም) ሙከራ አለ፤ ሥዕላችሁ ሳያልቅ አታስጀምሩት።

ሞዴሉን የሚያንቀሳቅሰው ቪቲዩብ ስቱዲዮ ስቲም ከሚባለው የጌም መደብር በነፃ ይወርዳል፤ ጥግ ላይ ትንሽ ምልክት ያስቀምጣል፣ ምልክቱን ማጥፊያው 15 ዶላር ገደማ ነው። ምልክቱ ማንንም አይጎዳም፤ ገንዘቡ ካለ ወደ ማይኩ ይሂድ። በኮምፒውተር ካሜራ መከታተል ነፃ ነው። ስልክን ለክትትል ማገናኘት በነፃው በኩል ጊዜው የተገደበ ነው፤ ጥራቱም በእርግጥ የሚለየው የፊት መለያ ባለው አይፎን፣ ከአይፎን 10 ጀምሮ፣ ሲሆን ነው። አብረው በሚመጡት የናሙና ሞዴሎች መለማመድ ጥሩ ነው፤ ስም ለማውጣት ግን አይሆኑም፣ ያንኑ ፊት የሚጠቀመው ብዙ ነው።

በስልክ ብቻ

ሪያሊቲ የሚባለው የጃፓን መተግበሪያ አቫታር ሠርቶ በስልክ ካሜራ እያንቀሳቀሰ እዚያው ላይቭ ያስገባል። ላፕቶፕ አያስፈልግም። ችግሩ ተመልካቹ የመተግበሪያው ሰው መሆኑ ነው፤ አማርኛ የሚሰማ እምብዛም ነው። ስለዚህ አቫታሩን በማያ ገጽ ቅጂ ቀርጻችሁ አጫጭር ቪዲዮ አድርጉትና ተመልካቻችሁ ወዳለበት ውሰዱት። ስልኩ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይግላል፤ ሽፋኑን አውልቁ፣ ቻርጅ እያደረጋችሁ አትቅረጹ።

ማንነት የሚያፈስባቸው ቀዳዳዎች

ፊት ተደበቀ ማለት ሰው ተደበቀ ማለት አይደለም። ኦቢኤስ ውስጥ ካሜራውን እንደ ምንጭ በፍጹም አትጨምሩ፤ ቪሲፌስ ካሜራውን በራሱ ይወስዳል፣ አንድ የተሳሳተ ቁልፍ ፊታችሁን ሊያሳይ የሚችለው ምንጩ እዚያ ካለ ብቻ ነው። ማያ ገጹን በሙሉ ሳይሆን የምታሳዩትን መስኮት ብቻ ላኩ፤ የቴሌግራም መልእክት ብቅ ሲል ከነስማችሁ ነው። የዊንዶውሱ ተጠቃሚ ስም እውነተኛ ስማችሁ ከሆነ ፋይል ስትከፍቱ ይነበባል። በጀርባ የሚሰማ የደብር ድምፅ ማጉያም ለጎንደር ሰው አድራሻ ነው፤ ቅዳሴው ከየት እንደሆነ የሚለይ ጆሮ አይጠፋም።

አካውንቱን ዛሬውኑ

ሥዕሉን ከመጀመራችሁ በፊት የዩቲዩብ ላይቭ ፈቃድ ጠይቁ። በስልክ ቁጥር ካረጋገጣችሁ በኋላ እስከ 24 ሰዓት ሊያስጠብቅ ይችላል። ከላፕቶፕ ለመግባት የተከታይ ቁጥር አይጠይቅም፤ ከስልክ በቀጥታ ለመግባት ግን ቢያንስ 50 ተከታይ ይፈልጋል። ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ብቻውን ላይቭ መግባት አይፈቀድለትም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ስርጭቶች ሊንኩ ያለው ብቻ በሚያየው ምርጫ አድርጋችሁ ለአንድ ጓደኛ ብቻ ላኩ፤ እሱም በሞባይል ዳታ፣ በስልኩ ድምፅ ማጉያ እንጂ በኤርፎን አይስማው። ተመልካቻችሁ አብዛኛው የሚሰማው እንደዚያ ነው።